የደም ሥሮች ከፀረ እንግዳ አካላት ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

ጥያቄ፦ እህቴ ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለ ጡንቻን የሚያደክም ሕመም አለባት። ሐኪሟ በደም ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላትን (አንቲቦዲ) የሚቀንስ አዲስ መድኃኒት በውጭ አገር እንዳለና የደም ሥር ሕዋሳትን ሥራ እንደሚነካ ነገሩን። ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርቱት ነጭ የደም ሕዋሳት አይደሉምን?

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ የሚያመርቷቸው ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን የሆኑት ፕላዝማ ሕዋሳት ናቸው። ነገር ግን በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን የሚወሰነው በምርቱ ብቻ ሳይሆን፣ የተመረተው ሳይፈርስ በሚቆይበት ጊዜ ርዝመትም ጭምር ነው።

የደም ሥሮችን ውስጠኛ ገጽ የሸፈኑት ስስ ሕዋሳት በአጠገባቸው ከሚያልፈው ደም ዘወትር ጥቂት ጥቂት ፈሳሽ በጥቃቅን ከረጢቶች እየቀዱ ወደ ውስጣቸው ያስገባሉ፤ በፈሳሹ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ብዙዎቹም በዚያው ይፈርሳሉ። አይ ጂ ጂ የሚባለው፣ በደም ውስጥ ከሁሉም በብዛት የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል ግን ይተርፋል። ከረጢቱ ውስጡ አሲዳማ እየሆነ ሲሄድ ኤፍ ሲ አር ኤን የተባለ ተቀባይ ፕሮቲን አጥብቆ ይይዘውና ወደ ሕዋሱ ገጽ ይመልሰዋል፤ እዚያ ደሙ አሲዳማ ስላልሆነ መያዣው ይላላና አይ ጂ ጂ ወደ ዝውውሩ ይመለሳል። አንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳትም ይህንኑ ሥራ ይጋራሉ። በዚህ የተነሣ የአይ ጂ ጂ መጠን በግማሽ ለመቀነስ 3 ሳምንት ገደማ ሲፈጅበት፣ ይህ ጥበቃ የሌለው ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል፣ አይ ጂ ኤም፣ በ5 ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል።

መጠኑ የሚስተካከለውም የተቀባዮቹ ቁጥር ውስን በመሆኑ ነው፤ አይ ጂ ጂ ሲበዛ ተቀባይ ያላገኘው ይፈርሳል፣ ሲያንስ አብዛኛው ይድናል። ብራምቤል የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የገመተው ተቀባዩ ገና ተለይቶ ሳይታወቅ ነበር፤ እጅግ የሚደነቅ ግምት ነው። ነፍሰ ጡር እናት የምትከተበው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አራስ ልጇን የሚጠብቀውም ይኸው ተቀባይ በእንግዴ ልጅ በኩል አይ ጂ ጂን ስለሚያሻግር ነው።

ተቀባዩ ግን ጠቃሚውን ከጎጂው አይለይም፤ የእህትዎን ጡንቻ የሚያጠቁትም አይ ጂ ጂ ስለሆኑ እነርሱንም ያድናቸዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የተፈቀደው ኤፍጋርቲጂሞድ የተባለ መድኃኒት የተቀባዩን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝ አይ ጂ ጂ በፍጥነት ይፈርሳል። ምርቱን ስለማያቆም ግን በየዙሩ እየተደጋገመ ይሰጣል። መጀመሪያ የተፈቀደው አሴቲልኮሊን ተቀባይን (ጡንቻ ከነርቭ መልእክት የሚቀበልበትን ሌላ ፕሮቲን) የሚያጠቃ አንቲቦዲ ላለባቸው አዋቂዎች ስለነበረ፣ እህትዎ የትኛው ዓይነት እንዳለባት በደም ምርመራ መታወቅ አለበት። ጠቃሚዎቹም አብረው ስለሚቀንሱ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የቀራት ክትባት ካለ ከሐኪሟ ጋር ይነጋገሩ።