ለማሲ 135 ትራክተር 90ም 140ም ዘይት አታድርግበት

ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማርና አባትህ ትተውልህ ስለሄዱት ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር «ካምቢዮው ይጮሃል፣ 140 ቁጥር ዘይት ልሙላበት ወይስ 90 ይበቃዋል?» ብለህ ጠይቀሃል። አንዱ ደግሞ «የሞተር ዘይትም ይሆናል» ብሎሃል። እኔ በቆጂ አካባቢ በዚሁ ሞዴል ነው የማርሰው። ያንተም አገር ደጋ ሳይሆን አይቀርም፤ እንዲያ ከሆነ እኔን የደረሰብኝ አንተንም ስለሚያገኝህ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

አንደኛ፣ 135 ላይ ለብቻው «የካምቢዮ ዘይት» የሚባል ነገር የለም። ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ማረሻውን የሚያነሣው የሊፍቱ ሃይድሮሊክ የሚሠሩት በአንድ ዘይት ነው፤ በጠቅላላው 30 ሊትር ገደማ ይይዛል። የሃይድሮሊኩ ፖምፓ ከመቀመጫህ ሥር እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው ያለው። መካኒኮቻችን አብዛኞቹ እጃቸውን የፈቱት በአይሱዙና በኤንትሬ ነው። የጭነት መኪና ካምቢዮ ውስጥ ያለው ጥርስና ኩሽኔታ ብቻ ስለሆነ 90 ሞልተህ ትዘጋለህ፣ አለቀ። ቤላሩስ 80 ትራክተር ላይም የሃይድሮሊኩ ዘይት የራሱ ታንክ ስላለው የካምቢዮው ቢወፍር ሊፍቱን አይነካውም። ማሲ ላይ ግን ለጥርሱ ብለህ የምታወፍረውን ዘይት ፖምፓው መምጠጥ አለበት። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ አያታልህ። «10ደብሊው-30 (ኋላ የምነግርህ የትራክተር ዘይት ቁጥር) ቀጭን ነው፣ 90 ይሻላል» የሚሉህ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎችን እያደባለቁ ነው። የካምቢዮ ዘይት የሚለካበትና የሞተር ዘይት የሚለካበት ቁጥር አይገናኝም። የካምቢዮ 90 ውፍረቱ የሞተር 40 ወይም 50 ያህል ነው፤ 140 ከዚያም በላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ጄሪካኑ ላይ «ጂኤል-5» የሚል የዘይት ደረጃ ካየህ መልሰህ አስቀምጠው። ለዲፈረንሻል ጥርስ ተብሎ የሚጨመርበት የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ስለሚበዛ ነሐስን ሊበላ ይችላል፤ አንተ ካምቢዮ ውስጥ ደግሞ የነሐስ ቦኮላ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) እና ዋሸር አለ። የምትፈልገው ጂኤል-4 ነው። ይህን ያወቅሁት አንድ ጋራዥ ካቃጠለኝ በኋላ ነው።

ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረና አሰላ አንድ ጋራዥ አስገባሁት። ከካምቢዮው የፊት ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ) የሚያፈሰው ዘይት ዲስኩን አርሶት ነበር። ፓራኦሊዮውንም ዲስኩንም ቀየሩ፤ እሱን አልወቅሳቸውም፣ ጥሩ ሠርተዋል። ግን ሳይጠይቁኝ «እግረ መንገዳችንን ዘይቱንም ቀየርንልህ» ብለው ሂሳቡ ላይ ጨመሩት። ቀን ነበር፣ ትራክተሩም ሙቅ ነበር፤ ሊፍቱ ሽቅብ ቁልቁል አለ፣ ይዤው ወጣሁ።

ኅዳር ላይ ውርጭ ወረደ። ጠዋት አስነሥቼ ፒቲኦውን፣ ከኋላ ለመሣሪያ ኃይል የሚሰጠውን ዘንግ፣ አያያዝኩ (135 ላይ ፒቲኦው ካልተያያዘ ፖምፓው አይዞርም፣ ይህን አዲስ ሾፌርህ ማወቁን አረጋግጥ)፣ ማንሻውን ሳብኩ፣ ማረሻው ንቅንቅ አላለም። ከሥሬ ፖምፓው ያለቅሳል። ፀሐይ ወጥቶ ትራክተሩ ሲሞቅ እያመነታ ተነሣ። በማግስቱም ያው። ደወልኩላቸው። ሳያዩት «ፖምፓው አልቋል፣ አዲስ ይገዛ» አሉኝ። ምን ዘይት እንደሞሉ ስጠይቅ «ወፍራሙን፣ ጥሩውን፣ 140» አለኝ ባለቤቱ። ማኑዋሉ እንዲህ አይልም ስለው «አንተ ገበሬ ነህ ወይስ መሐንዲስ?» ብሎ ዘጋብኝ። ገበሬ ነኝ። ገበሬ ስለሆንኩም ነው የትራክተሬን ድምፅ የማውቀው።

የጎኑን ክዳን ቡሎኖች ፈትቼ ከፈትኩት። ጣቴን ነክሬ ሳወጣ ዘይቱ ክር እየሳበ ነው የሚወርደው፤ በዚያ ብርድ ጠብታው እንኳ ቶሎ አይለቅም። ፖምፓው የሚጠጣው ደግሞ በወንፊት በኩል ነው። ይህን በዚያ ወንፊት ምጠጥ ተብሎ ነው «አልቋል» የተባለው። ዘይቱን አፍስሼ ትክክለኛውን ሞላሁበት፤ ውርጩ ሳይለቅ ጠዋት ማረሻው አንድ ጊዜ ብድግ አለ። «አልቋል» የተባለው ፖምፓ እስከ ዛሬ እያረሰልኝ ነው።

ትክክለኛው የትኛው ነው? ለካምቢዮ፣ ለአክስልና ለሃይድሮሊክ በአንድነት የሚሆን የትራክተር ዘይት፣ መደብሮች ዩቲቲኦ የሚሉት፣ 10ደብሊው-30፣ ጂኤል-4። ጀርባው ላይ የፋብሪካውን የዘይት መለያ ቁጥር «ማሲ ፈርጉሰን ኤም 1135» ወይም ከሱ ወዲህ የመጡትን ኤም 1143ን ወይም ኤም 1145ን ፈልግ። ሞቢልፍሉይድ 424 አንዱ ነው፤ ስሙ ሌላ ቢሆንም ቁጥሩ ካለበት ይሆናል። ለሞተርም ለካምቢዮም ለሃይድሮሊክም ተብሎ የተሠራ የትራክተር ዘይትም አለ፣ ስቱ ይሉታል፣ እሱም ለ135 ችግር የለበትም። ለመኪና ሞተር የሚሸጠውን ግን ተወው።

ችግሩ ማግኘቱ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት፣ ብትጠይቅ ሁሉም «አለ» ብሎ 90 ያወጣልሃል። አንድ አከፋፋይ ቢሮ ሄጄ ጸሐፊዋ ቀና ብላ ሳታየኝ «ለአንድ ትራክተር አንሸጥም፣ በርሜል ነው» አለችኝ። እኔም ማሲ ያላቸውን ጎረቤቶቼን አሰባስቤ 208 ሊትሩን በርሜል ገዛን፤ ለሁላችንም በቃ፣ በሊትር ሲሰላም ከችርቻሮው ረከሰ። አንተም ጎረቤት ካለህ እንዲሁ አድርግ።

ስታፈስ ከሥራ እንደገባ ሙቅ ሳለ አፍስስ። ቡሽ ከካምቢዮው ሥርም ከኋላው አክስል ሥርም አለ፤ አንዱን ብቻ ከከፈትክ አሮጌው ውስጥ ይቀራል። ከማፍሰስህ በፊት ግን አንድ ጠዋት፣ ሳታስነሣው፣ የኋላውን ቡሽ ላላ አድርገህ እይ። ውሃ ካለ ከሥር ስለሚተኛ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። የማርሽ ዘንጉ ላስቲክ ሲቀደድ ዝናብ በዚያ ይገባል፤ ላስቲኩን ሳትቀይር አዲስ ዘይት አትሙላ።

ስለ ጩኸቱ፦ ስድስት ማርሽ ያለው ከሆነ ጥርሶቹ ቀጥ ብለው የተቆረጡ ስለሆኑ በተፈጥሮው ያፏጫል። የሚያሳስበው ማንገጫገጭና መፍጨት ከሰማህ ነው፤ ያኔ ኩሽኔታ ነው፣ 140 ድምፁን አፍኖ ጥርሱን እስኪሰብርልህ ድረስ ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም።

ዳሽቦርዱ ላይ መልቲፓወር የሚባለው፣ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ የምታደርግበት ማንሻ ካለ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። ከፍተኛው ፍጥነት የሚይዘው በዘይት ግፊት ስለሆነ በተሳሳተ ዘይት ይንሸራተታል። በዝቅተኛው ላይ ሆነህ ደግሞ ቁልቁለት አትውረድ፤ እዚያ ላይ ሞተሩ አይይዝልህም፣ ተሳቢ ጭነህ ከሆነ ይዞህ ይሄዳል። በጭነት ስትወርድ ከፍተኛው ላይ አድርገው።

ከመክፈልህ በፊት የጄሪካኑን ጀርባ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ አይቼ እነግርሃለሁ።