ግራንት ለምትጽፉ ልጆች

ስሙኝማ ልጆች፣ ዕድሜዬን በጤና ሪሰርች የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ እና አሁን አሁን ፕሮፖዛል ይዛችሁ ስትመጡ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ «ምን ብንጽፍ ፈንድ ይገኛል?» የሚለውን ነው። አልፈርድባችሁም፣ ደሞዙን አውቀዋለሁ። ግን የአሜሪካኖቹን የበሽታ መቆጣጠሪያ መስሪያ ቤት፣ የሲዲሲን ታሪክ ልንገራችሁ።

በፈረንጆቹ 1993 በሲዲሲ ገንዘብ የተሰራ አንድ ጥናት ወጣ፣ ቤት ውስጥ የጦር መሳሪያ ካለ እዛው ቤት ሰው የመገደል ዕድሉ ይጨምራል የሚል። የመሳሪያ ባለቤቶቹ ማህበር ኤንአርኤ ተቆጣ፣ ኮንግረሱን ወጥሮ ያዘ፣ በ1996 ከሲዲሲ በጀት 2.6 ሚሊዮን ዶላር ተነሳ፣ ያውም መስሪያ ቤቱ ለመሳሪያ ጥናት ያወጣውን ያህል። ጄይ ዲኪ በሚባል የምክር ቤት አባል ስም የሚጠራው አንቀጽ ደግሞ ገንዘቡ ለመሳሪያ ቁጥጥር ቅስቀሳ እንዳይውል ይላል። ልብ በሉ፣ አታጥኑ የሚል ቃል የለበትም። ማንም አልታሰረም። ግን ጥናት የት አልቆ ቅስቀሳ የት እንደሚጀምር የሚነግራቸው አልነበረም፣ ስለዚህ አለቆቹ ፈሩ፣ አለቃ ሲፈራ ተመራማሪው ሌላ ርዕስ ፈለገ፣ ተማሪውም ፈንድ በሌለው ነገር ፒኤችዲ ምን ይሰራልኛል ብሎ ሄደ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሀያ አመት ምናምን አለፈ። ዲኪ ራሱ በ2012 ሀሳቡን ቀይሮ ጥናቱ ይቀጥል ብሎ ጻፈ፣ ገንዘቡ የተመደበው ግን በ2019 መጨረሻ ነው፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ለሲዲሲና ለጤና ምርምር ተቋማቸው ለኤንአይኤች። እሺ ብሩ ተመለሰ፣ በመሃል ሳይሰለጥን የቀረው ሰውስ ከየት ይመጣል?

ወደኛ ስንመጣ፣ ከእናንተ መሃል የማስተርስ ቴሲሱን በኢዲኤችኤስ (በኢትዮጵያ የስነ ሕዝብና ጤና ጥናት) ዳታ የሰራ እጁን ያውጣ ብል ስንቱ ነው የሚያወጣው! የ2000ው፣ የ2005ቱ፣ የ2011ዱ፣ የ2016ቱ፣ ሁሉም የአሜሪካ መንግስት የእርዳታ ድርጅት የዩኤስኤአይዲ ድጋፍ ያለበት ነው። በ2025 መጀመሪያ ዋሽንግተን ላይ አስተዳደር ተቀየረና ጥናቱ የሚሰራበት ፕሮግራም ቀጥ አለ፣ አዲስ ተመዝግቦ ዳታ ማውረድም ቆመ። ጎንደርና ጅማ ቁጭ ያለው ተማሪ ምን አጠፋ? የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይሄ ነው። ደግሞ ሌላም ነገር አለ፣ መጠይቁ በአብዛኛው ለብዙ አገር ባንዴ የተዘጋጀ ስለሆነ እዛ ላይ ያልተጠየቀ ነገር እኛም ጋ ርዕስ ሳይሆን ይቀራል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም።

«ታዲያ የራሳችን መንግስት ይክፈለዋ» ትሉኛላችሁ። ይክፈል እንጂ! የትም አገር ቢሆን ብዙው ትልቅ ጥናት የመንግስት ገንዘብ ይፈልጋል። ግን የኛም ቢሆን ከፋይ ነው፣ ከፋይ ሁሉ በበላችሁበት እንድትጮሁ ይፈልጋል፣ ውጤቱ ካላማረው ሪፖርቱ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ከየትም ይምጣ ከየት፣ እኔን የሚያስፈራኝ ቁጥር አስተካክሉ የሚል ባለስልጣን አይደለም፣ እሱ ቢያንስ ይታያል። የሚያስፈራኝ እናንተው ማንም ሳይጠይቃችሁ ከፕሮፖዛሉ ላይ የምትሰርዙት ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ስለማሳተም የሚያወራውን አንቀጽ አንብቡ፣ «ያለ ገንዘብ ሰጪው ፈቃድ አይታተምም» ካለ በዚህን ያህል ቀን አይቶ አስተያየት ይስጥ ወደሚለው ይቀየር ብላችሁ ተከራከሩ፣ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ፣ የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው። ከትልቁ ፕሮጀክት ጎን ደግሞ የማንንም ብር የማይፈልግ አንድ ትንሽ ስራ ይኑራችሁ፣ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ያለው መዝገብ ስንት ነገር ያወጣል (የኤቲክስ ፈቃዱን ግን አትዝለሉ፣ አውቃችኋለሁ)። እና ፈርታችሁ ያወጣችሁትን ጥያቄ ከነምክንያቱ ደብተር ላይ አስፍሩት፣ ሰጪው ሲቀየር ወይ ሚኒስትሩ ሲነሳ ከዛው ትጀምራላችሁ።