«ካፒታል ጌይን»ን «ትርፍ» ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የአንድ የበግ አድላቢዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ዘንድሮ ማኅበሩ ያደለባቸውን በጎች ሸጧል፤ ከዓመታት በፊት ለመጋዘን ብሎ የገዛውን ቤትም እንዲሁ። የሒሳብ ባለሙያው ከቤቱ የተገኘውን «ካፒታል ጌይን» ብሎ መዘገበው። እኔ በቃለ ጉባኤው ላይ «የካፒታል ትርፍ» ብዬ ጻፍኩት። አንድ አባላችን ግን «ትርፍ የሚባለው የበጎቹ ነው እንጂ የቤቱ አይደለም» ሲሉ ተቃወሙ። ልክ የሆነው የትኛው ነው?

መልስ፦ አባላችሁ ልክ ናቸው። የሒሳብ አያያዙም ሆነ አማርኛው ለእሳቸው ይመሰክራል።

«ትርፍ» የመጣው «ተረፈ» ከሚለው ግስ ነው፤ ወጪው ሁሉ ከተነሣለት በኋላ የሚቀረው ማለት ነው። ስለዚህ በንግድ ቋንቋ ቃሉ ለመሸጥ የተገዛ ወይም የተዘጋጀ ነገርንና ለዚያ ነገር የወጣውን ወጪ አስከትሎ ይመጣል። ገበያ ላይ «ስንት አተረፍክ?» ተብሎ የሚጠየቀው ነጋዴው ነው። «በዋናው ሰጠሁህ» የሚለውም ያወጣውን ብቻ መልሶ ትርፉን እንደተወ መናገሩ ነው።

የበጎቹን ሒሳብ በምሳሌ ቁጥር እንየው። 10 በግ እያንዳንዱ በ7,000 ብር ቢገዛ 70,000 ብር ይሆናል። ለፉርሽካ፣ ለፋጉሎና ለድርቆሽ 12,000፣ ለመድኃኒትና ለማጓጓዣ 2,000 ብር ይውጣ። በጎቹ ደልበው እያንዳንዳቸው በ9,800 ብር ቢሸጡ 98,000 ብር ይገባል። ይህ 98,000 ገቢ ነው። ከመግዣው በላይ ያለው 28,000 የመግዣና የመሸጫ ልዩነት ነው። ትርፉ 14,000 ብቻ ነው። በቃለ ጉባኤ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት 28,000ውን «ትርፍ» ብሎ መጻፍ ነው። ትርፍ ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ አባላት ይካፈሉታል፤ ያን ጊዜ ለሚቀጥለው ዙር መኖና መድኃኒት መግዣ መመለስ የነበረበት 14,000 ብር አብሮ ይሄዳል። ድርቆሹ ከአባላት ማሳ፣ አተላው ከየቤቱ የመጣ ከሆነም በገበያ ዋጋው ተገምቶ ወጪ ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ ትርፍ የተባለው ገንዘብ ከፊሉ የአባላቱ የራሳቸው ድርቆሽ ነው።

ወደ ቤቱ እንምጣ። አማርኛ ተናጋሪ ቤቱ ገና ሳይሸጥ ዋጋው ከፍ ቢል «ቤቴ ላይ አተረፍኩ» አይልም። «ዋጋው ወጣ»፣ «ዋጋው ጨመረ»፣ «ቢሸጥ ጥሩ ያወጣል» ነው የሚለው። ሰውየው አልነገደም፤ ዋጋው ነው ያደገው። «ካፒታል ጌይን» ማለትም ይኸው ነው፦ ለመገልገያ ወይም ለገንዘብ ማቆያ የተያዘ ሀብት፣ ማለትም ቤት፣ አክሲዮን፣ ቦንድ፣ ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ በመካከል የሚገኘው ጥቅም። የግብር ሰዎች «የካፒታል ዋጋ ዕድገት» ይሉታል፤ እኔም ይህን እመርጣለሁ። ገንዘቡን ራሱን ለመጥቀስ ሲፈለግ «ከካፒታል ዋጋ ዕድገት የተገኘ ጥቅም» ብሎ መጻፍ ነው። ይረዝማል፤ ግን ማንንም አያሳስትም።

«የካፒታል ትርፍ» ግን ያሳስታል። አንዱ አንባቢ «ካፒታላችን ያስገኘው ትርፍ» ብሎ ይረዳዋል፤ በዚህ አነጋገር የበጎቹም 14,000 እዚያው ይገባል። ሌላው «ተርፎ የተቀመጠ ካፒታል» ይመስለዋል፤ «ትርፍ ጊዜ»፣ «ትርፍ ዕቃ» እንደምንለው። አንድ ሐረግ ለሦስት ነገር ከዋለ ኦዲተር ሲመጣ ጸሐፊው ነው የሚጠየቀው።

ልዩነቱ ከዕቃው ዓይነት ሳይሆን ከተያዘበት ዓላማ የሚመጣ መሆኑ ይሰመርበት። ቤት እየሠራ የሚሸጥ ድርጅት ከቤት ሽያጭ የሚያገኘው ያለጥርጥር ትርፍ ነው፤ ቤቱ ለእሱ ሸቀጥ ነውና። በሬም እንደዚያው ነው። አድልቦ ሊሸጠው የገዛው አድላቢ ያተርፍበታል፤ ሲያርስበት ኖሮ የሸጠው የመንዝ ገበሬ ግን «በሬዬን በጥሩ ዋጋ ሸጥኩ» ይላል እንጂ «አተረፍኩ» ማለት አይቀናውም።

ሕጉም ለያይቷቸዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የንግድ ሥራ ገቢን በአንድ በኩል አስቀምጦ፣ ከሕንፃና መሰል የማይንቀሳቀስ ሀብት ሽያጭ በሚገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ፣ ከአክሲዮንና ከቦንድ ሽያጭ በሚገኘው ላይ 30 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ስለተሻሻለ የዛሬውን መጣኔ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ስሌቱ ላይ ቤቱን ለማሻሻል የወጣው ወጪ አይረሳ። በ400,000 ብር ተገዝቶ፣ ጣራና ወለሉ በ150,000 ታድሶ፣ በ900,000 የተሸጠ ቤት ያስገኘው ጥቅም 350,000 እንጂ 500,000 አይደለም። የእድሳቱ ደረሰኝ ከጠፋ ግን ያን 150,000 ማስረዳት ይቸግራል።

ስለ ቅርብ ዘመዶቹም በአጭሩ፦ «ዲቪደንድ» የትርፍ ድርሻ ነው፤ ብድር ወይም ቁጠባ የሚያስገኘው ወለድ ነው። «ትርፋማ» የሚባለው አትርፎ የታየ ድርጅት ነው፤ ገና ያልተጀመረ ሥራ «አዋጪ ነው» ወይም «ያዋጣል» ይባላል። ስለዚህ በዕቅድ ላይ ያለን የማድለብ ሥራ «ትርፋማ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። «አተረፈ» ሲጻፍ «ከበጎቹ አተረፈ» ወይም «በበጎቹ ላይ አተረፈ» ይባላል፤ «ትርፍን አተረፈ» ድግግሞሽ ነው።

ቃለ ጉባኤያችሁ እንዲህ ቢታረም ይስተካከላል፦ «ማኅበሩ በበጀት ዓመቱ ከበግ ማድለብ ሥራ ይህን ያህል ብር የተጣራ ትርፍ አግኝቷል። እንዲሁም የመጋዘን ቤቱን በመሸጡ ከካፒታል ዋጋ ዕድገት ይህን ያህል ብር ጥቅም አግኝቷል።» ሁለቱ በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ይቁሙ፣ ድምራቸውም «ጠቅላላ ትርፍ» አይባል። የቤቱ ገንዘብ በየዓመቱ የሚመጣ ስላልሆነ ከማድለቡ ጋር ከተደመረ የከርሞ አባል ሥራው የወደቀ ይመስለዋል።

ቤቱ ከተገዛበት በታች ተሸጦ ቢሆን ኖሮስ? ያን ጊዜም «ከሰርን» ለበጎቹ ይቆይ፤ ለቤቱ «ከመግዣው በታች ተሸጠ» ብሎ ልዩነቱን በብር ማስቀመጥ ይበቃል።