ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በምራቅ ምርመራ የድድ በሽታ ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። እናቴ ስኳር አለባት። ጥርሷን ስትፍቅ ይደማታል። ድዷ ንቅስ ስለሆነ ግን ሲታይ ደህና ይመስላል። ምራቅ ተመርምሮ የድድ በሽታ እንደሚታወቅ አነበብኩ። የት ላስመርምራት?

መልስ፦ ያነበቡት እውነት ነው። ድድ ሲቆጣ ሰውነት ከጀርሞች ጋር ይዋጋል። ያኔ የሚመነጩት ንጥረ ነገሮች በጥርስና በድድ መካከል ባለው ፈሳሽ በኩል ወደ ምራቅ ይገባሉ። አንዱ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የሚባል መቆጣትን የሚያነሳሳ ፕሮቲን ነው። ሌላው ኤምኤምፒ-8 ይባላል። ኤምኤምፒ-8 በብዛት ከነጭ የደም ሴሎች የሚወጣ ኢንዛይም ነው። ሲበዛ ግን ድድንና ጥርስን አጥብቆ የያዘውን ኮላጅን ይበላል። እየቆየ አጥንቱም ይሳሳል፣ ጥርስ መነቃነቅ ይጀምራል።

ለእናትዎ ግን ይህን ምርመራ ፍለጋ አይድከሙ። ምራቅ አፍ ውስጥ መቆጣት መኖሩን ይጠቁማል እንጂ የቱ ጥርስ ሥር እንደሆነ፣ አጥንቱ ምን ያህል እንደተጎዳ አይናገርም። ይህን የሚናገረው ሚሊሜትር የተጻፈበት ቀጭን የብረት መለኪያ ነው። ሐኪሙ በድድና በጥርስ መካከል ቀስ አድርጎ ያስገባዋል። እስከ 3 ሚሊሜትር ከሆነና ካልደማ ደህና ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ገብቶ ከደማ የድድ በሽታ ያጠራጥራል። አጥንቱን ለማየት ራጅ ይነሳል።

ንቅሳቱን ማንሳትዎ ጥሩ ነው። ጎጃም ውስጥ ድዳቸው ንቅስ የሆነ እናቶች ብዙ ናቸው። ለውበት ይነቀሱታል፤ ለድድ ሕመም ይበጃል የሚሉም አሉ። ያምራል፤ በሽታውን ግን አያድንም። እንዲያውም ጥቁረቱ የድዱን መቅላት ይሸፍናል። ስለዚህ መልኩን ትተው ደሙን ይመኑ። (ልነቀስ የምትል ወጣት ካለች ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ በጋራ መርፌ እንደሚተላለፍ ንገሯት።)

ስኳሩ ነገሩን ያከብደዋል። ስኳር ከፍ ሲል ድድ ቶሎ ይጎዳል፤ የተቆጣ ድድም በተራው ስኳሩን ያስቸግራል። ድድ ሲታከም የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየው የስኳር ውጤት በመጠኑ ዝቅ ሊል ይችላል።

ሳይቆዩ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል የሚለውን ወሬ አይስሙ። መፋቂያ ከለመዱ አይከልክሏቸው፤ ጫፉን አለስልሰው በውስጥ በኩልም ይፋቁበት። ደማ ብለው ግን መፋቅ አይተዉ። የመጨረሻውን የስኳር ውጤትና የሚወስዱትን መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። መግል ከታየ፣ ፊታቸው ካበጠ ወይም ካተኮሳቸው በዚያው ቀን ይታዩ።