ሶፍትዌሩ የቀነሰውን መስኮት ደግመህ አትቀንስ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረምክ? አዘዞ የሚሠራ ጂ+1 ቤት ሬቪት በሚባለው የሕንፃ መሣያ ሶፍትዌር እየሣልኩ ነው። የግድግዳውን ስፋት ከሼጁሉ (ሶፍትዌሩ ከሚያወጣው የመጠን ሰንጠረዥ) ወሰድኩ፣ የበርና የመስኮቱን ቀነስኩና ለግንበኛው ሰጠሁት። እሱ "በዚህ ብሎኬት ግድግዳው አያልቅም" አለኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?
ከጎንደር

መልስ፦ ግንበኛው ልክ ነው፣ ስማው። ሬቪት የግድግዳ ሼጁል ላይ "ኤሪያ" ብሎ የሚሰጥህ ቁጥር በርና መስኮቱ ቀድሞ የተቀነሰለት ነው። አንተ ደግመህ ቀነስክ።

በቁጥር እንየው። 10 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 30 ካሬ ነው። 1.50 በ1.20 የሆኑ ሁለት መስኮቶች 3.60፣ 0.90 በ2.10 የሆነ በር 1.89፣ ድምሩ 5.49። ሼጁሉ 24.51 ይልሃል፤ ከዚያ ላይ እንደገና 5.49 ስታነሳ 19.02 ቀረ። 40 በ20 ብሎኬት በካሬ 12.5 ስለሚገባ፣ ከአንዱ ግድግዳ ብቻ ወደ 69 ብሎኬት ጎደለ ማለት ነው። ቤቱን ሙሉ አስበው!

የመስኮቱን ስፋት ለብቻው ከፈለግክ፣ ለአሉሚኒየሙና ለመስታወቱ መፈለግህ ደግሞ አይቀርም፣ የመስኮት ሼጁል ክፈትና ካልኩሌትድ ፓራሜትር (በቀመር የሚሰላ ዓምድ) ጨምር፤ ዓይነቱን ኤሪያ አድርገህ ዊድዝ ሲባዛ በሃይት (ወርድ በቁመት) ብለህ ጻፍ። ለበርም እንደዚያው። ጠቅላላው ግድግዳ ሲያስፈልግህ የተጣራው (በርና መስኮቱ የተቀነሰለት) ላይ ይህንን ደምርበት። ርዝመትን በከፍታ ማባዛት ከጣሪያው ተዳፋት ጋር አታች ያደረግከው (ያያያዝከው) ግድግዳ ላይ አያዋጣም፣ ጫፉ ያዘቀዘቀ ነዋ። አርኪካድ በሚባለው ሌላ የሕንፃ መሣያ ሶፍትዌር ላይ ጠቅላላውና የተጣራው ለየብቻ ይወጣሉ።

ጎንደር ስለሆንክ አንድ ነገር ልጨምር። እንደ ፋሲል ግቢ ቅስት ያለው መስኮት አድርግልኝ የሚል ባለቤት ካጋጠመህ፣ ወርድ በቁመት አይሠራም። 1.20 ወርድና እስከ ቅስቱ አናት 1.80 ቁመት ያለውን ስታባዛ 2.16 ይመጣል፤ ላዩ ግማሽ ክብ ከሆነ ግን እውነተኛው 2.00 ገደማ ነው። ፋሚሊው (የመስኮቱ ሞዴል) በደንብ ከተሠራ ሬቪት ግድግዳውን የሚቆርጠው በቅስቱ ቅርፅ ስለሆነ፣ የመስኮት ሼጁልህና የግድግዳው ቁጥር አይገጥሙም። የቅስቶቹን ስፋት በእጅህ አስላ።

ልስን ላይ ደግሞ የመስኮቱን የውስጥ ጎኖች አትርሳ። ሼጁሉ አይቆጥራቸውም። የ1.50 በ1.20 መስኮት ዙሪያው 5.40 ሜትር ነው፤ 10 ሳንቲም ጥልቀት ከተለሰነ 0.54 ካሬ ይጨምራል። አሁን ግን ብሎኬቱ ሳይታዘዝ ለግንበኛው ደውልና የተስተካከለውን ቁጥር ስጠው።