ጥያቄና መልስ፦ በጊጋኸርዝ የተጣሉ ጓደኛሞች

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ ከጓደኛዬ ጋር ተጨቃጭቀናል። እሱ «ኢንቴል ፈጣኑን ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን አንጎል) ሆን ብሎ ጥቂት እያመረተ ዋጋ ይሰቅላል» ይላል። እኔ ደግሞ እንደ ልብ ማምረት ስለማይችል ነው ባይ ነኝ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ወደ አንተ አደላለሁ። ፈጣኑና ቀርፋፋው ብዙ ጊዜ ለየብቻ አይመረቱም። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው አንድ ክብ የሲሊኮን ዝርግ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቺፖች (ፕሮሰሰሮች) አብረው ይሠራሉ፤ ከዚያ ይፈተናሉ። ከአንድ ዛፍ የተለቀመ ብርቱካን ሁሉ እኩል አይጣፍጥም፤ ይሄም እንደዚያው ነው። አንዱ በከፍተኛ ፍጥነት ያለ ችግር ይሠራል። ሌላው በዚያው ፍጥነት ሲሞከር ይሳሳታል፤ ዝቅ ያለ የፍጥነት ቁጥር ተሰጥቶት በርካሽ ይሸጣል።

እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2000 የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲ አትሎን የተባለውን የ1 ጊጋኸርዝ (በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ምት) ፕሮሰሰር አወጣ። ኢንቴልም ከሁለት ቀን በኋላ የራሱን ባለ 1 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3 ይዞ ከች አለ። ወሬው ደመቀ እንጂ ዕቃው ገበያ ላይ እንደ ልብ አልተገኘም። በዚያው ዓመት ኢንቴል ደግሞ ተጣድፎ ባለ 1.13 ጊጋኸርዝ አወጣና ቺፑ ሥራ ላይ ሲሳሳት ተገኘ። ከገበያ መሰብሰብ ግድ ሆነበት። ደህና ዕቃ መጋዘን ውስጥ ደብቆ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተዋረደ ነበር።

ጓደኛህን ግን ጨርሰህ አታሳፍረው። ገበያው ርካሹን ሲፈልግ፣ ፈጣን መሆን የሚችል ቺፕም ዝቅ ያለ ቁጥር ተለጥፎበት የሚወጣበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ (ከሐረር፣ መምህር)፦ ትምህርት ቤታችን ያለው አሮጌ ፔንቲየም 4 ባለ 3 ጊጋኸርዝ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ 2.4 ይላል። አሮጌው ይበልጣል ማለት ነው?

መልስ፦ የለም መምህር፣ አይበልጥም። አዲሱ በአንድ ምት የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ ኮሩም (ሥራውን የሚሠራው የቺፑ ክፍል) ከአንድ በላይ ነው። ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2004 3.8 ላይ ደርሶ የ4 ጊጋኸርዙን ፔንቲየም 4 ሰርዞታል። ሙቀቱ አላስቻለውማ። አሮጌውን ለጽሕፈት ያቆዩት።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ ታይዋን ገበያ የገዛሁት ላፕቶፕ «እስከ 4.2 ጊጋኸርዝ» ይላል። ከሰዓት በኋላ ግን 1.4 ላይ ቁጭ ይላል። ተሸውጄ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። «እስከ» የተባለው ለአጭር ጊዜ፣ ቺፑ ካልጋለ ነው። ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የድሬን የከሰዓት ሙቀት ለአንተ አልነግርህም! መጀመሪያ ፋኑን አስጠርግ፤ እዚህ አገር አቧራው ቶሎ ይደፍነዋል። ፍራሽ ላይ አስቀምጠህም አትሥራ። ጠዋት፣ ቻርጀር ተሰክቶ፣ ያው 1.4 ካልተነቃነቀ ግን ወደ ሻጩ ተመለስ።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ኤኤምዲ የራሱ ፋብሪካ የለውም የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፋብሪካዎቹን ነጠላቸው፤ ግሎባልፋውንድሪስ የሚባል ሌላ ኩባንያ ሆኑ። ዛሬ ዋና ዋና ፕሮሰሰሮቹን የሚያመርትለት ቲኤስኤምሲ የሚባል ኩባንያ ነው። ታይዋን ነው ያለው፤ የኛዋ ገበያ ሳትሆን ደሴቲቱ። እዚያ ደግሞ አፕልና ኤንቪዲያም ወረፋ ይዘዋል።