ልጄ እግር ላይ የወጣው ምንድን ነው?

ሰሞኑን ከሐዋሳ የደረሱኝ አራት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ልጅ እግር ናቸው። ሁሉም ውስጥ «ካንሰር ይሆን?» የሚል ፍርሃት አለ። ልጆች እግር አጥንት ላይ የሚወጡ እጢዎች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ሳይታዩ ግን አይታለፉም።

«የ11 ዓመት ልጄ ቀን ኳስ ሲያባርር ይውላል። ሌሊት ግን እግሬን እያለ ይነሳል። ኢቡፕሮፌን ስሰጠው ይተኛል። ጎረቤት ‹እድገት ነው› ይለኛል።» (እናት፣ ከታቦር)

የእድገት ሕመም ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ነው የሚይዘው፤ ቦታውም አንድ አይደለም። ዛሬ ማታ ሲነሳ «የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ሁልጊዜ በአንዱ እግር ያችኑ ነጥብ በጣቱ የሚያሳይ ከሆነ ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ የምትባለውን እጢ እጠረጥራለሁ። ብዙ ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም። የምታሳምመው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ስለምታመነጭ ነው፤ ኢቡፕሮፌን ደግሞ እሱኑ ያግዳል። ልጅዎ እፎይ የሚለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ራጅ ይነሳ። ከቁርጭምጭሚት በታች ያሉት የእግር አጥንቶች ትናንሽና ተደራራቢ ስለሆኑ እዚያ ከሆነች ራጁ ላይ ላትታይ ትችላለች፤ ሕመሙ ከቀጠለ ስለ ሲቲ ስካን ሐኪሙን ይጠይቁ። ሕክምናው መድኃኒት፣ ቀዶ ጥገና፣ ወይም በመርፌ ገብቶ በሙቀት ማቃጠል ነው። ወደ ካንሰር አትቀየርም። አደራ፣ አስፕሪን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጅ አይስጡ።

«የልጅ ልጄ እግር ላይ ድንጋይ የመሰለ ጉብታ ወጣ። አያመውም። ወጌሻ ጋ ወስጄ ላሳሸው?» (አያት፣ ከአላሙራ)

እማማ፣ እባክዎ አያሳሹት። ለወጌሻ ክብር አለኝ። ግን ውስጡ ያልታየ እብጠት አይታሽም፤ አጥንቱ በእጢ ሳስቶ ከሆነ ሊሰበር ይችላል። እንዲህ ያለው ጉብታ ብዙ ጊዜ ኦስቲዮኮንድሮማ ነው፤ የለስላሳ አጥንት ቆብ የደፋ ትርፍ አጥንት። ከልጁ ጋር ያድጋል፣ የልጁ እድገት ሲቆም እሱም ይቆማል። ጫማ ካልከለከለው ወይም ነርቭ ካልተጫነ እየታየ ይቆያል። ልጁ ማደግ ካቆመ በኋላ ካደገ ወይም ማመም ከጀመረ ግን ቶሎ ይታይ።

«ልጄ ከብስክሌት ወድቆ ራጅ ተነሳ። ስብራት የለም፤ ተረከዙ ውስጥ ግን ‹ክፍተት አለ› አሉኝ። ፊልሙን መስኮት ላይ ይዤ ሳየው ጥቁር ጉድጓድ ነው። አጥንቱ ተቦርቡሮ ነው?» (አባት፣ ከመናኸሪያ)

ራጅ ላይ አጥንት ነጭ፣ ፈሳሽ ደግሞ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። ተረከዝ ላይ እንዲህ በአጋጣሚ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። ትንሽ ከሆነና ካላመመው በየጊዜው ራጅ እየተነሳ ይጠበቃል። ትልቅ ከሆነ ወይም ካመመው ውስጡ ተፍቆ በአጥንት ይሞላል። ከሐዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል ይጀምሩ፤ ካስፈለገ አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የልጆች አጥንት ያክማል። ፊልሙን እንዳይጥሉት፤ የሚቀጥለው ራጅ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።

«16 ዓመቴ ነው። የእግሬ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ጠንካራ ነገር በቅሎ ጥፍሬን ወደ ላይ እየገፋው ነው። ኪንታሮት ነው አሉኝ።» (ተማሪ)

ሊሆን ይችላል ወንድሜ። ግን በአንተ ዕድሜ እዚያ ቦታ አጥንትም ይበቅላል። ጥፍሩ ከመነቀሉ በፊት ጣትህን ከጎን በኩል ራጅ ተነሳ። አጥንት ከሆነ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ከሥሩ ካልወጣ ግን ተመልሶ ሊያድግ ይችላል።